ልምምድ ላይ የሚያስቆጥር ልጅ ጨዋታ ላይ ለምን ይስታል?

ከአንድ የወጣቶች እግር ኳስ አሰልጣኝ የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ «ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ሐሙስ ሐሙስ በልምምድ ማብቂያ ላይ እያንዳንዱን ልጅ አሥር አሥር ፍጹም ቅጣት ምት አስመታለሁ፤ አብዛኞቹ ስምንትና ዘጠኙን ያስቆጥራሉ። እሑድ ጨዋታ ላይ ግን እነዚያው ልጆች ይስታሉ። ማቀበሉም፣ ኳስ መቆጣጠሩም እንደዚሁ ነው፤ ልምምድ ላይ ያየሁት ጨዋታ ላይ የለም። ዋናው መቺያችን ሁለት ምት አከታትሎ ከሳተ ወዲህ ደግሞ ከእንግዲህ አልመታም ብሏል። ችግሩ የወኔ ነው ወይስ የሥልጠናዬ? የሥነ ልቦና ጥናት የሚረዳኝ ነገር አለ?»

ውድ አሰልጣኝ፣

ጥያቄዎ ሁለት ጉዳዮችን አንድ ላይ ይዟል፤ አንደኛው ልጆቹ ክህሎቱን በእርግጥ ተምረውታል ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የተማሩትን በጭንቀት ውስጥ ሆነው ማውጣት ይችላሉ ወይ የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሰልጣኝም ወላጅም ወደ ሁለተኛው ይቸኩላል፤ ልጁ ሲስት «ፈራ» ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ይዘጋል። እኔ ግን የጻፉልኝን ደጋግሜ ሳነብ ትልቁ ችግር ያለው በሐሙሱ ልምምድ አደረጃጀት ላይ እንደሆነ አመንሁ። ይህም ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ የልጅን ልብ መለወጥ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ የልምምድን ቅደም ተከተል መለወጥ ግን ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ በእርስዎ እጅ ነው።

አንድ ልጅ ከ11 ሜትር ላይ አሥር ኳስ አከታትሎ ሲመታ ምን እንደሚከናወን እንመልከት። የመጀመሪያው ምት ከአግዳሚው በላይ ከወጣ፣ ልጁ የስህተቱ ስሜት ገና ከሰውነቱ ሳይጠፋ ሁለተኛውን ያስተካክላል። በሦስተኛው ላይ የመንደርደሪያው ርቀት፣ ከኳሱ ጎን የሚተክለው እግር አቀማመጥና የምቱ ኃይል ይገጣጠሙለታል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ምቶች የሚመታው አዲስ እቅድ እያወጣ ሳይሆን ከደቂቃ በፊት የተሳካለትን እየደገመ ነው። እሑድ ዕለት ግን ሰባ ደቂቃ ሮጦ፣ ኳሱን ዳኛው ባመለከተው ነጥብ ላይ አኑሮ፣ ምንም ዓይነት መሞከሪያ ሳያገኝ፣ ማስተካከያ የሚሆን ሁለተኛ ምትም ሳይኖረው አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። እንግዲህ ከሐሙሱ አሥር ምቶች መካከል የእሑዱን የሚመስለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከአሥሩ ስምንት የሚለው ቁጥርዎ ሐሰት ባይሆንም፣ የሚለካው ልጁ በሞቀበት ቅጽበት ምን ያህል እንደሚደግም ነው። የሁሉንም ልጆች የመጀመሪያ ምት ብቻ ለይተው ለጥቂት ሳምንታት ቢመዘግቡ ከእሑዱ ውጤት ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ያገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

የክህሎት ትምህርትን የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት በልምምድ ሰዓት የሚታየውን ብቃት ከትምህርት ይለዩታል። ተማረ የሚባለው ከቀናት በኋላ፣ ያለ መሞቂያ፣ ሁኔታው ተለውጦም ቢሆን መሥራት የቻለው ነው። የዚህ ልዩነት ስፋት በግልጽ ከታየባቸው ሥራዎች አንዱ ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተሳታፊዎቹ ሦስት የተለያዩ የእጅ እንቅስቃሴዎችን የተማሩ ሲሆን፣ ግማሾቹ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሦስቱን እያፈራረቁ ተለማመዱ። በልምምዱ ጊዜ የተሻሉት አንድ በአንድ የተለማመዱት ነበሩ። ከአሥር ደቂቃና ከአሥር ቀን በኋላ ሲፈተኑ ግን ብልጫው ወደ አፈራረቁት ዞረ። በ1986 ጉድ እና ማጊል ይህንኑ በባድሚንተን ሦስት ዓይነት የጨዋታ ማስጀመሪያ ምቶች ላይ ሞክረው፣ እያፈራረቁ የተለማመዱት ሴት ተማሪዎች በኋላ በተሰጠው ፈተናም፣ ተለማምደውበት ከማያውቁት የሜዳው ወገን ሲመቱም ብልጫ እንዳሳዩ አረጋገጡ።

ይህ የሚሠራው ለጀማሪ ብቻ ነው እንዳይሉኝ ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር። በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ልምድ ያላቸውን የኮሌጅ ቤዝቦል ተጫዋቾች ወስዶ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንታት ተጨማሪ ልምምድ ሰጣቸው። በእያንዳንዱ ልምምድ 45 ኳሶች ይወረወሩላቸው ነበር፤ 15 ፈጣን፣ 15 የሚጠመዘዙ፣ 15 ደግሞ ፍጥነታቸው የሚያታልል። አንደኛው ቡድን ዓይነቶቹን በየተራ ጨርሶ ሲሄድ፣ ሌላኛው ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ሳያውቅ ይመታ ነበር። በመጨረሻው ፈተና፣ ኳሱ እንደ እውነተኛ ጨዋታ ሳይታወቅ ሲመጣ፣ በየተራ የተለማመዱት ከመነሻቸው 25 ከመቶ ገደማ ሲሻሻሉ ያልታወቀውን የለመዱት 57 ከመቶ ገደማ ተሻሻሉ፤ ተጨማሪ ልምምድ ያልተሰጣቸው 6 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የተወረወረላቸው ኳስ ብዛትና ዓይነት እኩል ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ልጁ ረጅም ኳስ ካቀበለ በኋላ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ከዚያም ወደ ማዕዘን ምት ሲሄድ፣ የቀድሞው እንቅስቃሴ እቅድ ከአእምሮው ፊት ይሸሻል፤ ተመልሶ ሲመጣ እቅዱን ከትዝታው ፈልጎ እንደገና መገንባት ግድ ይሆንበታል። አድካሚና ስህተት የሚበዛበት ሥራ ነው፤ እሑድ ጨዋታ የሚጠይቀው ግን በትክክል ይህንኑ ፈልጎ የማግኘት ሥራ ነው። አንድ ዓይነት የሒሳብ ጥያቄ ሃያ ጊዜ የሠራ ተማሪ ፈተና ላይ ጥያቄዎቹ ተደባልቀው ሲመጡ የትኛውን ቀመር እንደሚጠቀም ግራ እንደሚጋባ ሁሉ፣ ልጆችዎም ምቱን ያውቁታል፣ የሚጎድላቸው ያለ መሞከሪያ ከትዝታቸው መጥራቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አሰልጣኝ የሚሰናከልበት ነገር አለ። ሳይመን እና ቢዮርክ በ2001 ተሳታፊዎቻቸውን ነገ ስትፈተኑ ምን ያህል ትሠራላችሁ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር፤ አንዱን ዓይነት ብቻ እየደጋገሙ የተለማመዱት በራሳቸው ላይ ከፍተኛ እምነት ነበራቸው፣ በማግስቱ ግን ግምታቸው ከውጤታቸው በላይ ሆነ። ያማረ ልምምድ ተለማማጁንም ተመልካቹንም ያሳምናል። ስለዚህ ልምምዱን ሲያፈራርቁት ልጆቹ እንደደከሙ፣ ክለቡም ወላጆችም «ቡድኑ ወረደ» እንዳሉ ሊሰማዎት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ቀድሞው እንዳይመለሱ አስቀድመው ለሁሉም ቢያስረዱ ይሻላል።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከልክ በላይ እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ። የማፈራረቅ ጥቅም በቤተ ሙከራ ውስጥ ከታየው ይልቅ በሜዳ ላይ አነስ ብሎ ይገኛል፤ ለትንንሽ ልጆችና እንቅስቃሴውን ጭራሽ ለማያውቁ ደግሞ ጥቅሙ ያንሳል። ኳስን በውስጥ እግሩ መምታት ገና ያልለመደ ልጅ መጀመሪያ ያንኑ ደጋግሞ መሥራት አለበት። ጓዳግኖሊ እና ሊ በ2004 ያቀረቡት ሐሳብ የሚመክረው የልምምዱ ክብደት ከልጁ ደረጃ ጋር አብሮ ከፍ እንዲል ነው፤ በእኔ እምነትም ለአሰልጣኝ ከሁሉ የሚጠቅመው መመሪያ ይህ ነው። የእርስዎ ልጆች ከአሥሩ ስምንት ካስቆጠሩ ከደጋገሙበት ደረጃ አልፈዋል።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። የሐሙሱን የአሥር ምት ሰልፍ ይተዉት። በምትኩ ልምምዱ እየተካሄደ ሳለ፣ ልጆቹ በማይጠብቁት ሰዓት፣ ፊሽካ ነፍተው ጨዋታውን ያቁሙና የአንዱን ልጅ ስም ይጥሩ፤ ከቆመበት ይምጣ፣ አንድ ምት ይምታ፣ ጨዋታው ይቀጥል። በአንድ ልምምድ እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ወይም ከሁለት ምት በላይ አይድረሰው። ማቀበልንም በኮን መካከል እየተመላለሱ ከማስደገም ይልቅ አራት ለአራት በሆነ ጠባብ ሜዳ ላይ አጭሩን፣ ረጅሙን፣ በመጀመሪያ ንክኪ የሚቀበለውን እያደባለቁ ያጫውቷቸው። ሃያ ልጅ ሁለት ኳስ በሚጋራበት ሜዳ ለሚሠራ አሰልጣኝ አንድ ነገር ልበል፤ ተራ መጠበቁ ብዙዎቻችን እንደምናስበው ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። በሁለት ምት መካከል ያለው ርቀት ራሱ የሚያስተምር ነው፣ ልጁ በመካከሉ ሌላ ሥራ እስከሠራ ድረስ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ጭንቀቱ ልለፍ። ሮይ ባውማይስተር በ1984 ባወጣው ጥናት ጫና ሲበዛ ሰው ትኩረቱን ወደ ራሱ እንቅስቃሴ እንደሚያዞርና ይህም የለመደውን ሥራ እንደሚያበላሽበት አሳየ። ከእግር ኳስ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ በ2002 ያካሄዱት ነው። ልምድ ያላቸውና ጀማሪ ተጫዋቾች ኳስ እየገፉ በኮኖች መካከል እንዲያልፉ ተደረገ፤ በአንደኛው ዙር ኳሱን የነካው የእግራቸው የትኛው ወገን እንደሆነ እንዲናገሩ፣ በሌላኛው ዙር ደግሞ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ቃል እንዲያዳምጡ ተጠየቁ። ጀማሪዎቹ እግራቸውን ሲከታተሉ ተሻሉ። ልምድ ያላቸው ግን በቀኝ እግራቸው ሲገፉ እግራቸውን መከታተሉ አዘገያቸው፤ እጅግ የሚደንቀው እነዚያው ተጫዋቾች በማይጠቀሙበት ግራ እግራቸው ሲገፉ እንደ ጀማሪ ሆነው መገኘታቸው ነው። ማለትም አንድ ምክር ለአንድ ልጅ አንዱ እግር መድኃኒት ሆኖ ለሌላው እግሩ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ተነሥተው ጨዋታ ላይ ከሜዳው ዳር የሚናገሩትን ቢመረምሩ ደስ ይለኛል። «ቁርጭምጭሚትህን አጥብቅ»፣ «ደረትህን ኳሱ ላይ አጎንብስ» የሚሉ መመሪያዎች ጀማሪን በልምምድ ላይ ይጠቅማሉ፤ መለያ ምት ሊመታ የሚሄደውን ልጅ ግን ትኩረቱን ከመረቡ አንሥተው ወደ ሰውነቱ ይመልሱበታል። ጋብሪዬሌ ቩልፍና ባልደረቦቿ ከ1998 ጀምሮ ያካሄዷቸው ጥናቶች ትኩረትን በሰውነት ላይ ከማድረግ ይልቅ እንቅስቃሴው በሚያመጣው ውጤት ላይ ማድረግ እንደሚሻል ያመለክታሉ፤ የጥቅሙ መጠን ቀደም ሲል ከተባለው ያንሳል የሚሉ ተቺዎች በቅርብ ዓመታት ቢነሡም፣ «ኳሱን በጎን መረብ አሳርፈው» ማለት ከ«እግርህን እንዲህ አድርግ» የተሻለ መሆኑን ለመሞከር ምንም ወጪ የለውም። ለሩጫ ወዳጆችም የሚሆን ነገር አለ፤ በ2009 በመሮጫ ማሽን ላይ የሠለጠኑ ሯጮችን ያጠኑ ጀርመናውያን፣ ሯጮቹ ትንፋሻቸውን ወይም እርምጃቸውን ሲከታተሉ፣ አካባቢያቸውን እያዩ ሲሮጡ ከሚወስዱት የበለጠ ኦክስጅን በዚያው ፍጥነት እንደሚወስዱ አግኝተዋል። «ትንፋሽህን አስተካክል» እያሉ ከመንገድ ዳር የሚጮኹ አሰልጣኞቻችን ይህንን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሪች ማስተርስ በ1992 ያሳየው ደግሞ ሥሩን ይነካል። ጎልፍ ኳስን ወደ ጉድጓድ መምታት በብዙ የቃል ሕግ የተማሩ ሰዎች ጫና ሲመጣባቸው መሻሻላቸው ሲቆም፣ ሕግ ሳይነገራቸው የተማሩት ግን በጫናው ውስጥም መሻሻላቸውን ቀጥለዋል። ጭንቀት ሲመጣ አእምሮ የሚያነሣው ሕግ ካጣ የሚያበላሸውም ያጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ማረም የግድ አይደለም። ዊንስቲን እና ሽሚት በ1990 እንዳገኙት፣ ከሙከራዎቻቸው በግማሹ ላይ ብቻ ውጤታቸው የተነገራቸው ሰዎች በሁሉም ላይ ከተነገራቸው ይልቅ በማግስቱ የተሻለ ሠርተዋል፤ ሁልጊዜ የሚነገረው ሰው የራሱን ስህተት በራሱ መስማት አይለምድምና።

አሁን ወደ ፍጹም ቅጣት ምቱ እንግባ። ኖርዌያዊው ጋይር ዮርዴት በዓለም ዋንጫ፣ በአውሮፓ ዋንጫና በሻምፒዮንስ ሊግ የተመቱ መለያ ምቶችን በቪዲዮ እያየ ለዓመታት አጥንቷል። በ2008 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ሥራ፣ ካስቆጠረ ቡድኑ እዚያው የሚያሸንፍበትን ምት ከመቱት 92 ከመቶ ያህሉ ሲያስቆጥሩ፣ ከሳተ ቡድኑ እዚያው የሚሸነፍበትን ከመቱት ያስቆጠሩት 62 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። ኳሱ፣ ርቀቱና የጎሉ 7.32 ሜትር ስፋት አልተለወጠም፤ የተለወጠው መቺው የሚያስበው ነው። የመሸነፍ ፍርሃት ያለባቸው መቺዎች ጀርባቸውን ለግብ ጠባቂው ይሰጣሉ፣ ዓይናቸውን ያሸሻሉ፣ ፊሽካው እንደተነፋ ለመገላገል በጥድፊያ ይመታሉ፤ ሌላው ሥራው እንዳሳየውም ፊሽካውን ሰምተው ትንሽ ቆም የሚሉት ከሚጣደፉት የተሻለ ውጤት አላቸው። በሌላ ወገን እንግሊዛውያኑ ዊልሰን፣ ዉድ እና ቫይን በ2009 የዓይን መከታተያ መሣሪያ አድርገው እንዳጠኑት፣ የተጨነቀ መቺ ግብ ጠባቂውን ቀደም ብሎና ረዘም ላለ ጊዜ ያየዋል፤ ኳሱም ዓይኑን ተከትሎ ወደ መካከል ይሄድና ግብ ጠባቂው እጅ ይገባል።

ስለዚህ ለልጆችዎ አንድ አጭር ሥርዓት ያስተምሯቸው፤ ኳሱን ራሱ ያስቀምጥ፣ ፊቱን ወደ ጎሉ እንዳደረገ ወደ ኋላ ይሂድ፣ የሚመታበትን ማዕዘን ይምረጥና ይየው፣ ፊሽካው ሲነፋ አንድ ሙሉ ትንፋሽ አውጥቶ ይንደርደር፣ ከመረጠም በኋላ አይለውጥ። ዉድ እና ዊልሰን በ2011 ተጫዋቾችን ዓይናቸውን በመረጡት ማዕዘን ላይ እንዲያሳርፉ አሠልጥነው ትክክለኛነታቸው ጨምሯል፤ በመጨረሻው የመለያ ምት ውድድር ላይ ግን ያ ብልጫ እንደነበረ አልቆየም። ይህን የምጠቅሰው ሥርዓቱ ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያሳይ ነው፤ ጫናው ራሱ ልምምድ ውስጥ መግባት አለበት።

እንዴት ይገባል? ባይሎክ እና ካር በ2001 ጎልፍ ሲማሩ በካሜራ እየተቀረጹ የተለማመዱ ሰዎች በኋላ በመጣው ጫና እንዳልተበላሹ አሳይተዋል። ኔዘርላንዳውያኑ ኦውደያንስ እና ፓይፐርስ ደግሞ በቅርጫት ኳስና በዳርት ተጫዋቾች ላይ በሠሩት ሥራ፣ ቀለል ባለ ጭንቀት ውስጥ የተለማመዱት ከበድ ያለው ሲመጣ እንደጸኑ አግኝተዋል። እሑድ የሚመጣውን ያህል ፍርሃት መፍጠር አያስፈልግም፤ ትንሹ ይበቃል። ስልክ ይዘው ይቅረጹ። ከጎረቤት ቡድን ልጆች ጥቂቱን ጋብዘው ከጎሉ ጀርባ ያቁሙ። የአንዱ ልጅ ምት የቡድኑን የመጨረሻ ሩጫ የሚያስቀር ወይም የማያስቀር ይሁን። ነገር ግን የሳተውን በሌሎች ፊት አይቅጡ፣ አይሳቁበትም፤ ለሳተ ልጅ ለብቻው ሩጫ መስጠት ጫና እንደማለማመድ ይቆጠራል የሚል አስተሳሰብ በሜዳዎቻችን ላይ አለ፣ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ልጁ ያን ጊዜ የሚማረው ከመምታት መሸሽን ነው።

ዋናውን መቺዎን በተመለከተ መጀመሪያ ቁጥሩን እናስብ። በከፍተኛ ደረጃም ቢሆን ከአራት ፍጹም ቅጣት ምቶች የሚቆጠሩት ሦስቱ ገደማ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱን የሚያስቆጥር ጥሩ መቺ፣ በዕድል ብቻ፣ ሁለት ምት አከታትሎ የመሳት ዕድሉ ከ16 አንድ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈው ያሳዩት። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013 ሳላዲን ሰኢድ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት በዛምቢያው ግብ ጠባቂ ኬኔዲ ምዊኔ ተመልሶበታል፤ ያም ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑ አንድ ለአንድ ወጥቷል፣ ሳላዲንም ከሀገሪቱ ታላላቅ አጥቂዎች አንዱ መሆኑን ማንም አልጠረጠረም።

ምክር ብቻ ግን እምነቱን አይመልስለትም። አልበርት ባንዱራ ከ1977 ጀምሮ እንዳስተማረው ሰው በችሎታው እንዲያምን ከሁሉ በላይ የሚያደርገው በገዛ እጁ ያሳካው ነገር ነው፤ የሌሎች ማበረታቻ ከዚያ በታች ይመጣል። ስለዚህ «አይዞህ፣ ትችላለህ» ከማለት ይልቅ በልምምድ መካከል ስሙን ከሌሎቹ ጋር ሳያገልሉ ይጥሩት፤ መጀመሪያ ተመልካች ሳይኖር፣ ቀጥሎ ስልኩ ሲቀርጽ፣ ከዚያ የቡድኑ ሩጫ ሲንጠለጠልበት ይምታ። እምቢ ካለ ሌላውን ጠርተው በሚቀጥለው ልምምድ እንደገና ይጥሩት። በዚህ መካከል ለጨዋታ ሌሎች ሦስት መቺዎችን ከቀናት በፊት በስም ይወስኑ፤ ሜዳ ላይ «ማን ይመታል?» ተብሎ መጠየቁ ለማንም አይበጅም። ልጁ ከመምታት አልፎ ልምምድ መቅረት ከጀመረ፣ እንቅልፉ ወይም የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ወይም ቀድሞ የሚወደውን ጨዋታ ጭራሽ ከጠላ ጉዳዩ የመለያ ምት መሆኑ አብቅቷልና ከወላጆቹ ጋር ተነጋግረው ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት።